ስለ እኛ የተጻፈውን የማንበብ መብት
(በኮተቤ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእኛ በየካ ብድር ከስልክ በፊትም እንደ ነበረ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሣይ ለጋሲዮን የምትወርድ እናት እቁብ ሲወጣላት ዋስ ትጠራለች። የእቁቡ ዳኛም እርስዋን ያውቃል፤ ዋስዋንም ያውቃል። እምቢ ቢላት እንኳ ምክንያቱን ፊት ለፊት ይነግራታል፤ እርስዋም ተከራክራ ልትረታው ትችላለች። በአባቶቻችን ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የሚታሠሩበት የቁራኛ ሥርዓት ነበረ። ጭካኔውን ማንም አያመሰግነውም፤ ይሁን እንጂ ባለዕዳው ከማን ጋር እንደ ታሠረ ያውቅ ነበር።

ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ዕውቀት ስለ ጠፋበት ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች አወጣ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ»ን አቀረበ። እነዚህ ሁሉ ቤትና መኪና በመያዣነት ሳይጠይቁ ያበድራሉ። ይህን አንነቅፍም። ካርታ ለሌለው የሱቅ ልጅና ጉልት ለምትቸረችር ሴት የባንክ ደጅ ሲከፈት እኛ የምንቆጭበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በመያዣው ቦታ የተተካው ነጥብ ነው። ነጥቡን መኪና ያሰላዋል፤ የሚያሰላውም ተበዳሪው በስልኩ ከሠራው ሥራ፣ ከላከውና ከተቀበለው ገንዘብ፣ ከዚህ ቀደም ተበድሮ ከመለሰው ነው። እምቢ ሲባል የሚሰጠው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ «ሲስተሙ አልተቀበለም» ይባላል። ሲስተሙ የማን ልጅ ነው? አባቱስ የት ይገኛል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባናል። አንደኛው መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1996 ዓ.ም. የብድር መረጃ ማዕከል እንዲቋቋም መመሪያ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ መመሪያውን አሻሻለው። በዚህም መሠረት አበዳሪዎች የሰጡትን ብድርና አመላለሱን ለማዕከሉ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸውም በፊት መዝገቡን ያያሉ። የተበዳሪው መለያ የግብር ከፋይነት ቁጥሩ ነው። ሁለተኛው ነጥቡ ነው። ይህን እያንዳንዱ አበዳሪ በራሱ ቤት፣ በራሱ ቀመር ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በመዝገቡ ላይ እንከን ሳይኖርበት በነጥብ ሊወድቅ ይችላል። መዝገቡን አይቶ «ንጹሕ ነኝ» ብሎ የሚደሰት ሰው የተፈረደበትን ፍርድ ገና አላነበበም።

ይህ ልዩነት በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ሕግ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የብድር ፋይል እንዲያይ ፈቀዱ። በ2003 ደግሞ ከሦስቱ ታላላቅ የመረጃ ድርጅቶች በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ እንዲያገኘው አደረጉ። ሆኖም በነጻ የሚሰጠው ፋይሉ እንጂ ነጥቡ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ራሱ ብዙ ዓይነት አለው፤ ለቤት ብድር የሚታየውና ለመኪና ብድር የሚታየው አንድ አይደለም። ሰውየው በስልኩ በነጻ 720 አይቶ ወደ መኪና ሻጭ ሲሄድ ሌላ ቁጥር ቢያገኝ ማንም አልዋሸውም፤ ሁለት ሚዛን ስለሆነ ነው። መፍትሔው የመጣው በ2010 በወጣው ሕግ ነው። አበዳሪው በነጥብ ምክንያት ሰውን ከከለከለ ራሱ የተጠቀመበትን ነጥብ፣ ነጥቡን ዝቅ ካደረጉት ዋና ዋና ምክንያቶች ጋር እንዲገልጽ ተገደደ። ከዚህ የምንወስደው ነገር ቢኖር ነጥቡ የሚጠየቀው ከፈረደው አበዳሪ መሆኑን ነው። ከሌላ ቦታ የሚገኘው የጎረቤት ሚዛን ነው።

ታዲያ በእኛ አገር በምን ሕግ እንጠይቃለን? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራሳችን የተያዘውን መረጃ የማየት፣ ስሕተት ካለበትም የማስተካከል መብት ይሰጠናል። በመኪና ብቻ በሚሰጥ ውሳኔ ላይም ይናገራል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ሸማቾችን ለመጠበቅ መመሪያ አውጥቷል። የሕግ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያነቧቸው ከማናቸውም የፈተና ጥያቄ ይልቅ ይጠቅማቸዋል እንላለን።

ቀመሩ የንግድ ምሥጢር ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ቀመሩ ከተገለጸ ተንኰለኛው ገንዘቡን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው እያመላለሰ ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል። እኛ ግን የወጡን አሠራር አልጠየቅንም፤ ከጓዳችን የተወሰደው ሽንኩርትና በርበሬ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ወጡም ስለምን እንደ ጎመዘዘ ይነገረን ነው የምንለው። የዚያች የቅጠል ተሸካሚ እናት የስልክ ቁጥር በልጅዋ ስም የወጣ ከሆነ የእርስዋ ታማኝነት ሁሉ የሚጻፈው ለልጅዋ ነው። ሃያ ዓመት የጣለችው እቁብ ደግሞ በቀመሩ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ይህን ካላወቀች ምኑን ታስተካክላለች?

አጠያየቁ በአፍ መሆን የለበትም። በመስኮት የተጠየቀ በመስኮት ይቀራል። ደብዳቤ ይጻፍ፤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ በሌላው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ይደረግበት። በደብዳቤው አራት ነገር ይጠየቃል፤ ነጥቤ ስንት ነው? ከየትኞቹ መረጃዎች ወጣ? ዝቅ ያደረጉት ምክንያቶች ምንድን ናቸው? ውሳኔውን ሰው አይቶታል ወይስ መኪና ብቻ? ስሕተቱ ከመዝገቡ የመጣ ከሆነ ያንን መረጃ ለማዕከሉ የላከውን አበዳሪ እንዲያስተካክል መጠየቅ ነው፤ በተለይ የግብር ከፋይነት ቁጥር ተሳስቶ የሌላ ሰው ዕዳ እንዳይለጠፍ ማየት ያሻል። መልስ ከዘገየ ወይም ከተከለከለ ማኅተም ያለበት ቅጂ ለአቤቱታ ያገለግላል።

የደብዳቤው ናሙና በአማርኛ ተዘጋጅቶ በማባዣ ታትሟል፤ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በነጻ ይወሰዳል። ወላጆቻችሁ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆኑ እናንተው ጻፉላቸው፤ እነርሱ ይፈርሙበት። የሚደርሳችሁን መልስ፣ እምቢታም ቢሆን፣ ስም ሸፍናችሁ አምጡልን። በሚቀጥለው ዕትም ማን እንደ መለሰና ስንት ቀን እንደ ፈጀበት እናወጣለን።