ፋብሪካ ሲዘጋ ለሠራተኛው ማን ይቆማል?

(በዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ አገራችን ኢንዱስትሪ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እኔ ግን ከዚሁ ከቪከሪ ሜዶ ልነሳ።

በ2010 ከዚህ ብዙ በማይርቅ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበርኩ። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የዚህ ሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ የእኛ ልጆች፣ ኤርትራውያን፣ የበርማ ስደተኞች። ከእስያ የሚገባው ዕቃ ዋጋውን ሲሰብረው መስመሩ ተዘጋ፤ ሁላችንም ተሰናበትን።

ለእንዲህ ያለው ሰው የአሜሪካ ሕግ አንድ በር ከፍቶ ነበር። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ምክንያት ሥራቸውን ያጡ ሦስት ሠራተኞች እንኳ ተፈራርመው ለሠራተኛ ሚኒስቴር ማመልከት ይችሉ ነበር። ጉዳዩ ተጣርቶ ከጸደቀ መንግሥት የአዲስ ሙያ ሥልጠና ይከፍል፣ በሥልጠናው ጊዜም ሳምንታዊ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ዕድሜው 50 የሞላና ባነሰ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ከልዩነቱ ግማሹ፣ በተወሰነ ጣሪያ፣ እስከ ሁለት ዓመት ሊተካለት ይችል ነበር።

የእኛም ማመልከቻ ጸደቀ። ከመስመሩ ሠራተኞች አንዷ እህታችን በዚህ ገንዘብ ተምራ ዛሬ ነርስ ናት። የሌላው ወንድማችን ታሪክ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ከኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለኝ። ሳነበው ክው አልኩ። ድጎማውን ለማግኘት በ26 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና መጀመር ነበረበት፤ ቀኑ አልፏል። ያለ ድጎማ ትምህርት ቤት መቀመጥ የማይችል የአራት ልጆች አባት ነበርና መኪና ማቆሚያ ገባ፤ እዚያው ቀረ።

ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመክሰስ ነው። ያ ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኝ ነበር። እኔ ሌላ ሥራ ስላገኘሁ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ዶክተር ተብዬው፣ በድሃ ገበሬ ግብር አምስት ኪሎ የተማርኩት፣ እዚህ መጥቼ ለወገኔ አንድ ገጽ ደብዳቤ ማንበብ አቃተኝ።

ወገኖቼ፣ ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ይህን ሕግ በ1962 ያወጡት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህችው ከተማ የተገደሉት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ናቸው። ሆኖም መመዘኛው እጅግ ጠባብ ስለነበር እስከ 1969 ድረስ አንድም የሠራተኞች ማመልከቻ አልጸደቀም። በ1974 መመዘኛው ሲላላ ነው በሩ በእርግጥ የተከፈተው። የተሰጠም ይነጠቃል፤ ኮንግረስ ስላላራዘመው ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ ማጽደቅ ቆመ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ የስንቱ ጫማ ሰሪ ቤት ተዘጋ? ከሞት የተረፉት ጥራታቸውንና ሞዴላቸውን አሻሽለው ገበያቸውን በከፊል አስመለሱ፤ በእነርሱ እንኮራለን። ነገር ግን ወንበሩን ተነጥቆ ወደ ቤቱ የሄደው ሠራተኛ የሚቆምበት አንድ የመንግሥት መስኮት አልነበረም።

በሀዋሳ የደረሰውም ምክንያቱ ቢለይም ዕዳው የወደቀው በዚያው ትከሻ ላይ ነው። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጦ ነበር። በጃንዋሪ 2022 በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን (አጎአን) ስትነጥቅ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ለቀው ወጡ። እኛ እዚህ ሁለት ጎራ ለይተን፣ መፈክር ይዘን፣ አንዱ «ይነጠቅ» ሌላው «አይነጠቅ» ስንል ከረምን። ስለ ልጅቷ የቤት ኪራይ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ጎራ አላየሁም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

ሕጋችን ምን ይላል? የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያን ሲሶ፣ ድርጅት ሲዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ ያዛል። ከፋዩ ግን ያው የከሰረው አሠሪ ነው። ከከሰረ ኪስ ምን ይወጣል? በአዋጅ የቆመ የሥራ አጥነት መድን የለንም።

አገዛዙ ግን በሩን እየከፈተ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተከልክለው የነበሩ 38 ዓይነት ዕቃዎች በጁላይ 2024 ተፈቅደዋል፤ በዚያው ዓመት የአስመጪነት ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል፤ በ2003 የተጀመረው የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄም ተፋጥኗል። እኔ ገበያ ይዘጋ አልልም። ከመክፈቱ የሚያተርፈው ነጋዴና ገቢ ሰብሳቢ መንግሥት፣ ለሚከስረው ሠራተኛ ድርሻውን ይክፈል ነው የምለው።

መንገዱም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይከፍላሉ። በዚሁ መስመር ከአስመጪ ቀረጥ ጥቂት ተጨምሮበት የሥራ አጥነትና የሥልጠና ፈንድ ይቋቋም፤ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በጋራ ያስተዳድሩት፤ የፓርቲ እጅ አይግባበት። ማስታወቂያውም ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ።

ተቃዋሚ ነን የምንልም ብንሆን ስለ ምርጫና ስለ ባንዲራ የምናወራውን ያህል በፕሮግራማችን ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ እንስጥ። ፋብሪካው የተዘጋበት ሰው «ማንን ትመርጣለህ?» ሲባል «ያኔ የት ነበራችሁ?» ብሎ ይጠይቀናል።

እናንተም ዛሬ ማታ ጎረቤታችሁን አንኳኩ። ያልተነበበ ደብዳቤ ካለ አንብቡለት። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!