እትም ማውጣትና እትም መጠበቅ



በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ለሶፍትዌር መሐንዲስ የምታስተምረው ነገር አለ ቢባል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በሌላ ስፍራ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ሲፈጽም ለማስመስከር የሚሄደው ወደ ቤተ ልሔም ነው። መምህሩም የተማሪውን ዝና ሰምቶ አይመሰክርለትም፤ ዜማውን በጆሮው አድምጦ፥ የተጻፈውን ከነምልክቱ በዓይኑ ተመልክቶ፥ የተሳሳተውንም አርሞ ነው እንጂ። ከዚህ በኋላ ያ ሰው በየትኛውም ደብር ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር፥ «ከማን ተማርህ?» ሲባል መልስ አለው።

«አንድ ሥራ ለሕዝብ ይውጣ የሚለው ማን ነው? ምንስ ዐይቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዘንድም ዋና ጉዳይ ሆኗል። በየአህጉሩ ተበትነው፥ ብዙዎቹም በአካል ሳይተዋወቁ አንድ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ውጣ፥ ግባ የሚላቸው አለቃ የላቸውም። ስለሆነም ድምፅ ይሰጣሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚሠራበት ደንብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እጩው እትም ለምርመራ ይቀርባል፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ቢያንስ ለ72 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከፕሮጀክቱ አመራር ኮሚቴ አባላት ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ሲገኝና ደጋፊው ከተቃዋሚው ሲበልጥ እትሙ ይወጣል።

የደንቡ ፍሬ ግን በቁጥሩ ላይ አይደለም። ድምፅ ሰጪው «እደግፋለሁ» ከማለቱ በፊት ምንጭ ኮዱን ወደ ራሱ ኮምፒዩተር አውርዶ፥ ፊርማውን አረጋግጦ፥ ፕሮግራሙን ከምንጩ ራሱ ገንብቶ መሞከር ይጠበቅበታል። ባልደረባውን ስላመነ ብቻ እጁን ቢያወጣ ደንቡን አልተከተለም። የቤተ ልሔሙ መምህር ይህን ቢሰማ አዲስ ነገር የሚሆንበት አይመስልም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው አንቀጽ አለ። በኮድ ለውጥ ላይ አንድ አባል በቂ ቴክኒካዊ ምክንያት አቅርቦ ሥራውን ማገድ ይችላል፤ እትም እንዳይወጣ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊያግድ አይችልም። እንከን የሌለበት እትም እስኪገኝ የሚጠብቅ ማኅበር ምንም ሳያወጣ ይኖራልና። ፈጽሞ ያልተስማማ ወገን ኮዱን ይዞ የራሱን ቅርንጫፍ ማቆም ይችላል። ዜማውም ቢሆን ቤተ ልሔም፥ ቆማ፥ አጫብር እየተባለ በየስልቱ ይዜማል፤ አንዱ ሌላውን አልሻረም።

ከባዱ ነገር የሚመጣው እትሙ ከወጣ በኋላ ነው። ድምፁ ሦስት ቀን፥ ጥበቃው ግን ዓመታት ይፈጃል። «ለስድስት ዓመት እናርማለን» ብሎ መወሰን ለብዙዎች ቀላል ነው፤ ሌሊት ተቀምጠው የሚያርሙት ግን አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። የሊኑክስ ከርነል የረጅም ጊዜ እትሞች ድጋፍ ከሁለት ዓመት ወደ ስድስት እንዲያድግ በ2017 እ.ኤ.አ. ተነገረ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ሁለት ዓመት እንደሚመለስ ተገለጸ። የተሰጠው ምክንያት የጠባቂዎቹ መድከምና የአሮጌዎቹ እትሞች ተጠቃሚ ማነስ ነበር። ይህን ቃል እንደ ማጠፍ መቁጠር አይገባም፤ ሠሪ ያልተገኘለትን ሥራ በውሳኔ ብቻ ማቆየት አይቻልምና።

ዳሩ ግን የጊዜው ማጠር ሁሉን እኩል አይጎዳም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፥ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጀው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ክፍት ምንጭ የጤና መረጃ ሥርዓት ድጋፍ የሚያገኘው ለቅርቦቹ ሦስት እትሞች ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለራሱ ሥራ እንዲስማማ የለወጠ ሁሉ፥ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ለውጡን እንደገና መፈተን አለበት። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ታዲያ ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ «በኮሚቴው ውስጥ ወንበር የለኝም» ብሎ ሊቀመጥ አይገባውም። በአፓቼ ደንብ አባል ያልሆነ ሰውም ድምፁን ማሰማት ይችላል፤ ድምፁ በቆጠራው ባይገባም ያገኘው ስሕተት ይመረመራል። እጩ እትም በቀረበ ጊዜ በነፋስ መውጫ ያለ አንድ ባለሙያ ጳጉሜን 6ን አስገብቶ ፕሮግራሙ ቀኑን አልቀበልም እንዳለው ቢያሳይ፥ እትሙን የሚያዘጋጀው ሰው ድምፁ ሳይዘጋ ሥራውን መልሶ ሊያርም ይችላል። ይህን በውጭ አገር ያለ ድምፅ ሰጪ ይፈትንልኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ የእርሱ ዓመት 12 ወር ነውና።