የሆድ ግድግዳና የአርባ ቀን ዕረፍት

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ሕንፃ ብዙ ይነገራል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ግን ማንኛውም መሐንዲስ ዘወትር ተሸክሞት እየዞረ፣ የሚችለውን ጭነት አንድም ቀን አስልቶት የማያውቀውን ግድግዳ ነው፤ ይኸውም የሰው ልጅ የሆድ ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን፣ በቀዶ ሕክምና ሲጠገን ምን ዝግጅት እንደሚያሻውና ከተጠገነ በኋላ መቼ ጭነት እንደሚችል ማወቅ የሐኪም ድርሻ ብቻ አይደለም፤ የበሽተኛውና የቤተሰቡም ድርሻ ነው።

ለዚህ ነገር መነሻ የሚሆነው ስፍራ ደረስጌ ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥና አስበው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በጦርነት ድል ሆነው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ካሳ ኃይሉ፣ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከደረስጌ፣ ከደባርቅና ከዳባት የተወለዱ ብዙ ሰዎች ዛሬ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ይኖራሉ። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ያደገ ሰውነት፣ ውሎው በወንበርና በመኪና ላይ ሲሆንና ምግቡ ሲለወጥ፣ ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል አንዲት በባሕር ማዶ የምትኖር የደረስጌ ተወላጅ ሴት አለች እንበልና ጉዳዩን በእርስዋ ምሳሌነት እንከተለው።

ይህች ሴት ከመጠን ያለፈው ውፍረት የስኳር በሽታና የጉልበት ሕመም ስላስከተለባት፣ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ይህ ዓይነቱ ሕክምና አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ጨጓራን በከፊል የማለፍን ቀዶ ሕክምና የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የተንጠለጠለ የሆድ ቆዳንና ስብን ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በባልቲሞር የነበሩት ዶክተር ሃዋርድ ኬሊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሠርተውታል።

ሴትዮዋ ክብደትዋ ቢቀንስም ቆዳዋ ግን አብሮ አልተሰበሰበም። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ማንኛውም ነገር ከመለጠጥ ወሰኑ በላይ ከተሳበ፣ ጭነቱ ቢነሣለትም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። በዚህ ላይ በቦይለርና በቧንቧ የሚታወቀው ሕግ ይታከላል፤ የውስጥ ግፊቱ አንድ ሆኖ ሳለ የክቡ ስፋት በጨመረ ቁጥር፣ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው የመሳብ ኀይል ይጨምራል። ስለዚህ የተነፋ ሆድ ግድግዳውን ይበልጥ ይስበዋል፤ ከፊት ለፊት ቀጥ ብለው የሚወርዱት ሁለቱ ጡንቻዎችም ከመካከል ይራራቃሉ። የተንጠለጠለው ቆዳ በእጥፋቱ ውስጥ ላብ እየያዘ ይቆስላል፣ ይሸታል፣ መራመድንም ያውካል። እንግዲህ ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም።

ዝግጅቱ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ብዙ ወራት ይቀድማል። ሐኪሞች በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲያልፍ፣ ክብደቱም ቢያንስ ለ6 ወር ያህል ሳይወጣ ሳይወርድ እንዲረጋ ይጠይቃሉ፤ መሠረቱ ገና በሚሰምጥ መሬት ላይ ግድግዳ የሚለስን የለምና። ጨጓራው ያነሰ ሰው ብረት፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ስለሚችል ደሙ ይመረመራል፤ የጐደለውም አስቀድሞ ይሞላል። ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለበት፤ ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የተሰፋው ቆዳ ደም አጥቶ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል። አስፕሪንም ሆነ የአገር ባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር ይገባዋል። በመጨረሻም ቤት የሚያበስል፣ ልጅ የሚያነሣና ዕቃ የሚሸከም ሰው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የቀለለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሐኪሙ ከእንብርት በታች ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ይቀድዳል፤ ቆዳውን ከሥሩ ለይቶ ወደ ላይ ያነሣል፤ የተራራቁትን ጡንቻዎች በመካከል ይሰፋል፤ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ያወጣል፤ ለእንብርቱም አዲስ ቀዳዳ ያበጅለታል። ከቆዳው ሥር የሚጠራቀመው ፈሳሽ እንዲወጣም ብዙ ጊዜ ቀጭን ቱቦ ይተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለማኅበሩ አባላት እንግዳ አይሆንም። ኮንክሪት በፈሰሰ በማግሥቱ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ፎርማውንና ድጋፉን ያለ ጊዜው ያነሣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል። የሰው ቁስልም እንዲሁ ነው። በአንድ ሳምንት ጊዜ ከላይ ተጋጥሞ የዳነ ቢመስልም፣ ያለው ጥንካሬ ካልተነካ ቆዳ ጥንካሬ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሦስት ወር ወደ 70ና 80 በመቶ ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው ግን አይሆንም። እስከዚያ ድረስ ጭነቱን የሚችለው ክሩ ነው፤ ክሩ የድጋፍ እንጨት ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀርባዋን ከፍ አድርጋ፣ ጉልበትዋን አጥፋ ትተኛለች፤ ስትሄድም ስፌቱ እንዳይወጠር ጐንበስ ትላለች። ይሁን እንጂ ተኝታ መቆየት አይፈቀድላትም፤ ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ተነሥታ ጥቂት እርምጃ መሄድ አለባት። ሐኪሙ የሚያዘው ጠባብ የሆድ መጠቅለያ፣ የአገራችን እናቶች ከወለዱ በኋላ ወገባቸውን ከሚያስሩበት መቀነት ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የደም ዝውውርን እስኪያግድ ድረስ መጥበቅ የለበትም። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከ5 ኪሎ ያህል የበለጠ ዕቃ ማንሣት ክልክል ነው። አንድ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሴትዮዋ ሳትጠና አገርዋን ለማየት ስትነሣ ነው። ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ራሱ ደም በእግር እንዲረጋ ስለሚያደርግ፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀመርም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደባርቅ ወደ ደረስጌ ያለው ተራራማ መንገድ ደግሞ አካልን የሚያንገላታ ነው። በዚያ ከፍታ ትንፋሽ ቢያጥራት ሰው ሁሉ «ደጋው ነው» ይላታል። ይህ አነጋገር አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦችዋ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው የሄሞግሎቢን መጠንና ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ተራራው ነዋሪውን ይህን ያህል ካላስጨነቀ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ደረቱን ሲወጋው፣ ወይም አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ባቱን ሲያመው፣ ነገሩን በደጋው አሳብቦ መቀመጥ አይገባም፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። ትኩሳት፣ መግል፣ የስፌቱ መጥቆር ወይም የሆድ በአንድ ወገን ማበጥም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም።

ሌላው ጾም ነው። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፤ ጨጓራው ያነሰ ሰው ደግሞ ጥቂት ብቻ ስለሚበላ፣ ያ ጥቂቱ ምግብ ፍሬ ያለው መሆን አለበት። ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ይረዳሉ፤ ቢ12 ግን ከእህል አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለችና፣ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር እንጂ በስውር መጐዳት አያስፈልግም። በሕማማት የሚሰገደው ስግደትም በተሰፋ ሆድ ላይ የሚያርፍ ጭነት ነው።

ይህ ሁሉ የሚከብደው ሴትዮዋ ነገሩን ስትሰውር ነው። «ሆድዋን አስቀደደች» እንዳይባል ዝም ትላለች። ዘመዶችዋ ደግሞ ባለማወቅ፣ በፍቅር ብዛት «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» እያሉ ያጐርሱዋታል፤ ልጅ ያሳቅፉዋታል፤ በበቅሎ ያስቀምጡዋታል። ጤና ባለሙያውም የማያውቀውን ሊረዳ አይችልም። ሥዕሉ ከባለሙያው የተሸሸገ ሕንፃ አይጠገንም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከባሕር ማዶ የምትመጣው ሴት ጥቂት ናት። በደባርቅ ወይም በጎንደር ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ ወይም ዕጢ አስወጥታ ወደ ዳባት ገጠር የምትመለሰው ግን ብዙ ናት፤ የሁለቱም ግድግዳ የሚድንበት ሕግ አንድ ነው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። ሐኪሙ ስፌቱን ቢያሳምርም፣ በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካን የሚያሸክም ቤት ሥራውን ያፈርስበታል።

አገራችን ለዚህ መፍትሔውን ከሌላ አትበደርም። የወለደች ሴት በአራስ ቤት ትከበራለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ውኃ ይቀዳላታል፤ ወንድ ከወለደች እስከ አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች እስከ ሰማንያ ቀን ክርስትናው እስኪደርስ ትጠበቃለች። ሐኪሞች ለተሰፋ ሆድ የሚያዝዙት ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ቀን ነው፤ ቁስሉ የሚጠናበት ሦስት ወርም ከሰማንያው ቀን ብዙ አይርቅም። ይህ መገጣጠም በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ልማዱ ግን ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ለአራስዋ የሚደረገው ሁሉ ሆዱን ለተሰፋ ሰው፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ሳይጐድል ይደረግለት። ጀሪካኑን ለአርባ ቀን የሚሸከም ሌላ ትከሻ በቤቱ ይገኝ።