ጠባብ ወጥ ቤትን ያለ ተጨማሪ ቦታ ስለ ማስፋት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ በሚነገርበት ጉባኤ ላይ ስለ ወጥ ቤት መናገር ለአንዳንዱ ጆሮ አነስተኛ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ድልድዩን የሚሻገረው ሰው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሻገረው ነው። ወጥ ቤት ግን ከማለዳ እስከ ማታ ሥራ የማይታጣበት፣ እሳት፣ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና ስለት በአንድ ጠባብ ሥፍራ የሚገናኙበት ክፍል ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚገኙት ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የመሐንዲስን ጥንቃቄ የሚሻው ይኸው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ በፕላን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ከተደለደሉ በኋላ የተረፈው ቦታ ነው።

የጥበቱ አመጣጥ

ቀድሞ በኢትዮጵያ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጢሱ በዋናው ቤት ያሉትን እንዳያውክ፣ እሳትም ቢነሣ ወደዚያ እንዳይዛመት ነው። ያ ማድ ቤት በካሬ ሜትር ሲለካ ሰፊ አልነበረም። ጨለማና ጢሳምም ነበር፤ በዚያ ጢስ ዐይናቸውና ደረታቸው የተጎዳ እናቶች ብዙ ናቸውና ስለ እርሱ በናፍቆት ብቻ መናገር አይገባም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ ይኸውም ደጃፉ ነው። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ጤፉ የሚነፋው፣ በርበሬው የሚቀነጠሰው፣ ዕቃው የሚታጠበው በደጃፉ ላይ ነበር። እናት ከምድጃው ዘንድ ስትሆን ልጅ ወይም ጎረቤት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታግዛታለች፤ ጨዋታውም ሥራውም በአንድነት ይካሄዳል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በብዛት መሠራት ሲጀምሩ ወጥ ቤቱ ወደ ፎቅ ወጣ፤ ደጃፉ ግን ምድር ላይ ቀረ። በሕንፃዎቹ አጠገብ ለእንጀራ መጋገሪያና ለከብት ማረጃ የሚያገለግሉ የጋራ ቤቶች መሠራታቸው ይህን ጉድለት ለመሙላት ታስቦ ነበር። ቡሓቃ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድና ሞሰብ ተሸክሞ መውጣት አድካሚ ስለሆነ ግን፣ ብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶ ጋገራውን ወደ ቤቱ አስገባው። እንግዲህ ለድስትና ለምድጃ ብቻ የታሰበው ክፍል ምጣዱንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ ውኃ በሚጠፋበት ቀን የሚያገለግለውንም ጀሪካን እንዲችል ተገደደ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የወጥ ቤት ስፋት የሚለካው በወለሉ ካሬ ሜትር ሳይሆን፣ ሁለተኛ ሰው ገብቶ ለማገዝ በመቻሉ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ወጥ ቤት ሥራውን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጭናል፤ የቀረው ቤተሰብ ለማገዝ ቢፈቅድ እንኳ የሚቆምበት የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በዚህ ላይ በሚገባ ይሠራል።

ከፍራንክፈርት የተገኘ ትምህርት

በጠባብ ወጥ ቤት ላይ በጥልቅ ከታሰበባቸው ቦታዎች አንዱ የጀርመን ከተማ ፍራንክፈርት ነው። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለከተማይቱ አዳዲስ የሠራተኛ መኖሪያዎች አንድ ዓይነት ወጥ ቤት ነደፈች፤ ከዚህም 10,000 ያህል ተሠርቷል። የተለመደው ዓይነት ስፋቱ 1.90 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.40 ሜትር ነበር። ንድፉን ስትሠራ የባቡር ምግብ ቤት ፉርጎን ጠባብ ወጥ ቤት አጥንታለች፤ እያንዳንዱ እርምጃና እያንዳንዱ የእጅ ዝርጋታ ተለክቶ፣ የሥራው ገበታ ከመስኮቱ ሥር እንዲውል፣ ወደ ሳሎኑ የሚያስገባውም በር ተንሸራታች እንዲሆን ተደረገ።

ሥራው በዓለም የታወቀ ሆነ፤ ዘግየት ብሎም ትችት ተነሣበት። ልኩ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ የተወሰደ ስለነበረ፣ ሌላ ሰው ሲገባ ይጣበብ ነበር፤ እመቤቲቱንም ከቤተሰቧ ለይቶ ብቻዋን አስቀርቷል ተባለ። ከዚህ ሥራ ሁለቱም ሊወሰዱ ይገባል፤ ልኬቱ እንደ ምሳሌ፣ ጉድለቱ እንደ ማስጠንቀቂያ።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 1.60 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.40 ሜትር የሆነ ወጥ ቤት ይታሰብ። ወለሉ 3.84 ካሬ ሜትር ነው። በአንዱ ረጅም ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የሥራ ገበታ ከነዕቃ ማጠቢያው አለ። በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከሳሎኑ በሚለየው ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መደርደሪያ ቆሟል፤ በሥሩም ጀሪካኖች ተደርድረዋል። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ለመተላለፊያ የቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ባለቤቱ መሐንዲስ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ግድግዳ ይፍረስልኝ» ብሎ ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ይታይ። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ በ2.40 ሜትር ርዝመቱ ሙሉ ቢፈርስ የሚገኘው ወለል 0.36 ካሬ ሜትር ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር ግን ሲዞር የሩብ ክብ ቦታ ይይዛል፤ ይህም 0.50 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ወይም ተንሸራታች እንዲሆን ማድረግ፣ ግድግዳውን ከማፍረስ የበለጠ ወለል ነጻ ያወጣል፤ አቧራውም፣ ወጪውም፣ አደጋውም በእጅጉ ያነሰ ነው። መዶሻ ከማንሣት በፊት ሜትር ማንሣት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማውጣት ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ በሦስት ይከፈል፤ በየቀኑ የሚነካ፣ በሳምንት የሚነካ፣ በዓመት በዓልና በድግስ ብቻ የሚነካ። ሰታቴው፣ ትልልቁ ድስትና ሙቀጫው በየቀኑ ከሚረገጠው ወለል ላይ ምንም ጉዳይ የላቸውም። ቀለል ያለው ከበሩ በላይ በሚሠራ መደርደሪያ ላይ፣ ከባዱ ከወጥ ቤቱ ውጭ ዝቅ ባለ ሥፍራ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ወለሉን ነጻ ማድረግ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ መስቀል አይገባም፤ ትክክለኛ ሥፍራው ከሥራ ገበታው ሥር፣ በማጠቢያው አቅራቢያ ነው። ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ መደርደሪያ ሲነሣ መተላለፊያው ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ያድጋል። በ60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ሰው በጭንቅ ይሠራል፤ በ1 ሜትር ውስጥ ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው ከኋላው ያልፋል። ሁለተኛው ሰው የሚገባው በእነዚህ 40 ሴንቲ ሜትሮች ነው። ከመደርደሪያው የወረደውም ዕቃ ከሥራ ገበታው በላይ፣ ወርዱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ መደርደሪያ ላይ ይደርደር፤ ከዚያ የበለጠ ወርድ ያለው ግን ግንባርን ይመታል፣ ዐይንንም ይጫናል።

ሦስተኛ፣ ብርሃን ነው። ከመስኮቱ ፊት የሚቆም ማናቸውም ዕቃ ይነሣ። ጣሪያውና ግድግዳው ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ቀለም ይቀባ፤ ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጫልና። በጣሪያው መካከል የተንጠለጠለ አንድ አምፑል ግን ማታ ማታ ትልቅ በደል ይሠራል፤ ከሠራተኛዋ ጀርባ ስለሚያበራ፣ በምትከትፍበት ገበታ ላይ የራሷን ጥላ ይጥልባታል። ከላይኛው መደርደሪያ ሥር አንድ ትንሽ መብራት ቢጨመር ጥላው ይወገዳል፤ ክፍሉም ጥልቀት ያለው ሆኖ ይታያል።

አራተኛ፣ አየር ነው። ይህ ክፍል ከፍታው 2.60 ሜትር ቢሆን የሚይዘው አየር 10 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሊጥ ምጣድ ላይ ሲሰፋ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት በዚህ ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ግድግዳው ያልባል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታም ይወጣል። በሰዓት 150 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ትንሽ ማራገቢያ በመስኮቱ የላይኛው ክፍል ቢገጠም፣ የክፍሉን አየር በሰዓት 15 ጊዜ ይለውጠዋል። የወጣውን የሚተካ አየር እንዲገባም ከበሩ ሥር ክፍተት መተው ይገባል፤ መግቢያ የሌለው አየር መውጫ ቢሠሩለትም አይወጣም። እንፋሎት የሌለበት ክፍል ከልኩ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ይሰማል።

አምስተኛ፣ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ለማቀዝቀዣና ለሻይ ማፍያ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ይህን ሸክም መጨመር ሽቦውን ማጋልና እሳት መጥራት ነው። ለምጣዱ ለብቻው የሚዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ መስመር፣ የራሱ ማቋረጫና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ሥፍራውም ከበሩ ርቆ፣ ሕፃን ሮጦ ከማይደርስበት ከክፍሉ ጫፍ፣ ከመስኮቱና ከማራገቢያው አጠገብ ይሁን። በዚህ ጉዳይ ላይ ውበት ከደኅንነት በኋላ ይመጣል።

ስለ ግድግዳውና ስለ ውኃው

እነዚህ አምስቱ ከተፈጸሙ በኋላ ክፍሉ አሁንም የተዘጋ መስሎ ቢታይ፣ ያን ጊዜ ስለ ግድግዳው ማሰብ ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ከማፍረስ ይልቅ፣ ከሥራ ገበታው ከፍታ ጀምሮ 1.20 ሜትር ወርድ ያለው መስኮት ወደ ሳሎኑ መክፈት የተሻለ ነው። በሳሎኑ በኩል ጠበብ ያለ ጣውላ ቢገጠምለት፣ ልጅ ወይም አባት ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል፣ ሰላጣ ይከትፋል፤ እመቤቲቱም ጀርባዋን ለቤተሰቧ ሰጥታ ከመዋል ትድናለች። ምድር ላይ የቀረው ደጃፍ በዚህ መስኮት ተመልሶ ይመጣል።

ነገር ግን ግድግዳው ዓምድ ወይም ሸክም ተሸካሚ አለመሆኑ በሕንፃው ፕላን ሳይረጋገጥ፣ በውስጡም ሽቦና ቱቦ አለመኖሩ ሳይታወቅ መዶሻ መንካት የለበትም። የመስኮቱ ራስም በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት መታሰር አለበት። ዓምድን፣ ቢምንና ወለልን መንካት ግን ፈጽሞ አይገባም።

የዕቃ ማጠቢያውም ካለበት ባይነሣ ይመረጣል። ፍሳሹን 2.40 ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ግድግዳ ለማዛወር፣ በመቶ ሁለት ዝቅታ ቢሰጠው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የቱቦው ውፍረት ሲጨመርበት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የወለሉ ንጣፍ ከዚህ የሳሳ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ወይ ወለሉን ይሰብራል፣ ወይ ዝቅታውን ይነፍገዋል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚታይ የውኃ እድፍ ነው። ከዚያም ጠቡ ይከተላል።

በጋራ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። በ1995 ዓ.ም. ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ግንባታ የሚነካ ለውጥ ሁሉ ከሚመለከተው የሕንፃ ሹም ፈቃድና ከጎረቤት ስምምነት ጋር ሊሆን ይገባል። ባለቤቱ ቢቸኩል እንኳ ይህን ማስታወስ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከተዘረዘሩት ሥራዎች አብዛኞቹ በአናጢ፣ በቀለም ቀቢና በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ በጥቂት ቀናት የሚፈጸሙ ናቸው። ይህን ያህል ቀላል ከሆኑ እስከ ዛሬ ለምን አልተሠሩም ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በንድፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዙው ወጥ ቤት የተነደፈው እንጀራ ጋግሮ በማያውቅ እጅ ነው። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ አክንባሎው ሲነሣ የት እንደሚያርፍ፣ የተጋገረው እንጀራ እስኪበርድ የት እንደሚዘረጋ አልተጠየቀም።

ስለዚህ አዲስ ወጥ ቤት የሚነድፍም ሆነ አሮጌውን የሚያድስ መሐንዲስ፣ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት በጋገራ ቀን ወደዚያ ቤት ሄዶ ከበሩ አጠገብ ይቁም። የሠራተኛዋን እርምጃ ይቁጠር፤ ስንት ጊዜ እንደምታጎነብስ፣ ስንት ጊዜ በጎኗ እንደምትሽሎከለክ ይመልከት። ቀጥሎም ለማገዝ ይግባ። መግባት ካቃተው ጥበቱን በገዛ ትከሻው አውቆታል፤ ልኬቱንም ከዚያው ቦታ ይጀምር።