ሕፃንን ስለ ማስታመም

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ትልቅ ሰው ሲታመም ሕመሙን በአፉ ይናገራል። ራሴን ይላል፥ ወገቤን ይላል። ሕፃን ግን ቋንቋው ልቅሶ ብቻ ነው፤ ሕመሙ ሲጠናበትም ልቅሶውን እንኳ ይተዋል። ቤተሰቡ ዝም ማለቱን አይቶ ተሻለው ብሎ ደስ ሲለው፥ ሕፃኑ በዚያች ሰዓት እየደከመ ይሆናል። ስለዚህ ሕፃንን የሚያስታምም ሰው ፍቅር ብቻ አይበቃውም፤ አስተውሎ ማየትና መቍጠርም ይገባዋል።

በቅዱስ ወንጌል እንደ ተነገረ፥ የታመመውን ልጅ ወደ ጌታችን ባመጡት ጊዜ፥ ልጁን ይህ ነገር ከያዘው ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነ አስቀድሞ አባቱን ጠየቀው። የኢያኢሮስንም ልጅ ካስነሣ በኋላ የምትበላውን ይሰጡአት ዘንድ አዘዘ። ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ጠየቀ፤ ሁሉን የሚችል ሲሆን ምግብ ስጡአት አለ። እንግዲህ ጠይቆ መረዳትና የደከመውን መመገብ የተናቀ ሥራ አይደለም።

ይህም ሥራ ትምህርት ያለው ነው። በለንደን ከተማ የታመሙ ሕፃናት ሆስፒታል፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 ዓመት በ10 አልጋ ተከፈተ። መሥራቹ ሐኪም ቻርልስ ዌስት ከ2 ዓመት በኋላ የታመመ ሕፃን እንዴት እንዲጠበቅ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በዚያው ሆስፒታል ገብተው የሕፃናት ነርስነትን ተምረው በ1939 ፈጸሙ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሲሆኑ የታመመ ሕፃን ማጠብንና ማብላትን ለመማር አላፈሩም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 ገና በወጣትነታቸው በነቀምቴ ዐረፉ፤ ምሳሌነታቸው ግን አላረፈም።

የማስታመም መጀመሪያው ሳይነኩ ማየት ነው። ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ከደረቱ ገልጦ ትንፋሹን በሰዓት 1 ደቂቃ ሙሉ መቍጠር ነው፤ ሲያለቅስ ቍጥሩ አይታመንም። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ለሐኪም ይታይ። ትንፋሽ ሲስብ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው።

ደግሞ አራት የአደጋ ምልክቶች አሉ። እነርሱም መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፥ የዋጠውን ሁሉ ማስመለስ፥ መንቀጥቀጥ፥ መፍዘዝና ራስን መሳት ናቸው። ከነዚህ አንዱ የታየበት ሕፃን እስኪነጋ አይቈይም። ከ2 ወር በታች የሆነም ገላው ቢያተኵስ ወይም ከወትሮው ይልቅ ቢቀዘቅዝ እንዲሁ ነው።

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚጎዳው ከሁሉ ይልቅ የውሃው ከሰውነቱ ማለቅ ነው። ዓይኑ ይጐደጕዳል፤ የሆዱም ቆዳ በጣት ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። መድኃኒቱ ሕይወት አድን የተባለው ቅመም ነው። የ1 ሊትሩን ከረጢት በሙሉ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጦ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታግሦ ቀስ እያሉ መቀጠል፥ የተበጠበጠውንም ከ24 ሰዓት በላይ አለማቈየት ይገባል። ጡትና ምግብ መከልከል፥ ግግ ማውጣትና እንጥል ማስቈረጥ ግን የደከመውን ሕፃን የባሰ ማድከም ነው።

እሳት ወይም ፍል ውሃ ያቃጠለውን ልጅ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል በቃጠሎው ላይ ማፍሰስ፥ የቀረውንም ገላ ከብርድ መጠበቅ ነው እንጂ ቅቤ ወይም ሊጥ አይቀባም። የሚንቀጠቀጠውን ልጅ በጎኑ ያስተኙታል፤ በአፉ ምንም አይጨምሩበትም፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይረባውም።

የተከበራችሁ አባቶች! ወደ ታመመ ሕፃን ቤት ብዙ ጊዜ ከሐኪም ቀድሞ የሚገባው የንስሐ አባት ነው። እናቲቱ የጎረቤቱን ምክር ሁሉ ባትሰማ የእርሱን ቃል ትሰማለች። እንግዲህ ካህኑ ጸሎቱን ሲያደርስና ጠበሉን ሲረጭ፥ ሕፃኑንም ይመልከት፤ ይጠባልን? ከመቼ ጀምሮ ነው? ብሎ ይጠይቅ። ምልክቱን ካየ፥ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት፥ እኔም በጸሎት አልለያችሁም ይበል። የጠበሉ ሰባት ቀን እስኪፈጸም ይቈይ ቢባል ግን፥ ያ ሕፃን ሰባት ቀን ላይኖረው ይችላል። ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምራልና፥ በጸሎትና በሕክምና መካከል ጠብ የለም። በክርስትና ቀን ሕፃኑን በእጃቸው የተቀበሉ የክርስትና አባትና እናትም በሕመሙ ቀን ተሸክመውት ሊሄዱ ይገባቸዋል።

ዛሬ ደብሩ ዘመኑን በዓመታት ቈጥሮ ኢዮቤልዩውን ያከብራል። የታመመ ሕፃን ዘመን ግን በሰዓታት የሚቈጠር ነው። በዚህ ደብር የተጠመቁትን ሕፃናት ሁሉ እግዚአብሔር ለቍርባንና ለማዕረግ ያድርስልን፤ እናቶቻቸውንም ከለቅሶ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።