«ወርቁ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት
የተፈጥሮ ግጥምን ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ስለ ማንበብ የተደረገ ንግግር



ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ጠመኔ ይዘን በሰሌዳ ፊት የምንቆም ነን። ስለዚህ ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ትንሽ ቢመስልም የእንጀራችንም የኅሊናችንም ጉዳይ ነው። ይኸውም በመካከለኛ ደረጃ፥ ማለት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፥ ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ ግጥም እንዴት መነበብ ይገባዋል የሚለው ነው።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ አንድ የጀርመን ግጥም ወደ አማርኛ መልሼ ለተማሪዎች አቀረብሁ። አንብቤ እንደ ጨረስሁም «ወርቁ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝምታው ቢያስጨንቀኝ መልሱን ራሴ በሰሌዳ ላይ «የግጥሙ መልእክት ሞት ነው» ብዬ ጻፍሁት። ተማሪዎቹም አንገታቸውን ደፍተው በየደብተራቸው ገለበጡት። በዚያ ቀን የእኔ ዐረፍተ ነገር ተገለበጠ እንጂ ግጥም አልተነበበም።

ጥያቄዬ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። ሰምና ወርቅ ታላቅ ሀብታችን ነው፤ ኅብረ ቃሉን ፈልጎ ምስጢሩን ማውጣትም አእምሮን ይስላል። ነገር ግን ግጥም ሁሉ ወርቁን በሰም የሸፈነ አይደለም። አንዳንዱ የሚለውን በግልጽ ይላል፤ የሚቸግረው የእኛ አስተውሎ አለማየት ነው። ልጁን «የተደበቀውን አውጣ» ስንለው ያልተደበቀውን ሳያይ ያልፋል።

ታዲያ እንዲያይ የሚረዳው ምንድን ነው? በበኩሌ ማነጻጸር ነው እላለሁ። አንድ ግጥም ብቻውን ሲቀርብለት ተማሪው «ጥሩ ነው» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለውም። ሁለት ሲሆኑ ግን ልዩነቱን ራሱ ያገኛል፤ ላገኘውም ከግጥሙ ቃል ማስረጃ እያመጣ ይከራከራል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ሁለት ግጥሞች ይዤ ተመለስሁ። አንደኛው ያው ያበላሸሁት የጎተ «የመንገደኛ የሌሊት መዝሙር» ነው። ጎተ ይህን ግጥም እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1780 በኢልመናው ከተማ አጠገብ ባለው በኪክልሃን ተራራ ላይ፥ በአንዲት የአዳኞች ጎጆ የእንጨት ግድግዳ ላይ ጻፈው። ርዝመቱ 8 ስንኝ ብቻ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1837 የታተመው የአይሸንዶርፍ «የጨረቃ ሌሊት» ሲሆን፥ 3 አንጓና 12 ስንኝ አለው። ሁለቱም ስለ ሌሊት ይናገራሉ፤ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ይንቀሳቀሳል? ምንስ ዝም ብሏል?» የሚል ነበር። ልጆቹ በእርሳስ እያሰመሩ ፈለጉ። በጎተ ግጥም ጸጥታው ከተራሮቹ ጫፍ ይጀምርና ወደ ዛፎቹ ጫፍ፥ ከዚያም ወደ ጫካው ወፎች፥ በመጨረሻም ወደ ሰው ይመጣል። መጀመሪያ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ተክል፥ ቀጥሎ እንስሳ፥ በኋላ ሰው ማለት ነው። ሰው ገና አላረፈም፤ እንዲታገሥ ተነግሮታል። በአይሸንዶርፍ ግን ነፋስ በእርሻው ላይ ያልፋል፥ የእህሉ ዛላ ይወዛወዛል፥ ጫካው ይንሾካሾካል፤ በመጨረሻም የተናጋሪው ነፍስ ክንፍ አውጥታ ትበራለች። አንድ ልጅ «በአንደኛው ዕረፍቱ ወደ ሰውዬው ይመጣል፤ በሁለተኛው ሰውዬው ራሱ ይሄዳል» አለ። እኔ በሰሌዳ ላይ ከጻፍሁት ይህ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ግጥሙ ‹ነው› ይላል ወይስ ‹ይመስላል›?» የሚለው ነው። ጎተ አሁን የሆነውን እንደ ሆነ ይናገራል። አይሸንዶርፍ ግን ስለ ሰማይና ምድር መሳሳም ሲጀምርም፥ ነፍስ ወደ ቤቷ ስለ መብረሯ ሲጨርስም «ያህል» እያለ ነው። ከዚህች ትንሽ ቃል ተነሥተው ልጆቹ አንደኛው እርግጠኛ፥ ሁለተኛው ናፋቂ መሆኑን ደረሱበት።

ሦስተኛውን ጥያቄ ያመጣችው አንዲት ተማሪ ናት። የጎተ ግጥም በመጨረሻ ሰሚውን በቀጥታ ይጠራል። የጀርመንኛው ቃል ወንድና ሴት አይለይም፤ አማርኛችን ግን ምረጥ ይላል፤ እኔም ሳላስብ «አንተ» ብዬ መልሼው ነበር። ልጅቱ እጇን አውጥታ «መምህር፥ እኔ ብደክምስ?» አለችኝ። ገሚሱ «ባለ ግጥሙ ራሱን ነው የሚያናግረው» አለ፤ ገሚሱ «የሚያነበውን ሁሉ ነው» አለ። ደወሉ እስኪደወል ክርክሩ አልቆመም። ግጥምን መተርጐም ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደራሲዎቹን ታሪክ የነገርኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ጎተ ያንን ግጥም ሲጽፍ የ31 ዓመት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1831፥ 82ኛ ልደቱ ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፥ ወደዚያች ጎጆ ተመልሶ ጽሕፈቱን አነበበና አለቀሰ። በመጋቢት 1832ም ሞተ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ኖሮ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሞት» ይሉኝ ነበር። በኋላ ሲሰሙት ግን «የተለወጠው ግጥሙ ነው ወይስ አንባቢው?» ብለው እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። አይሸንዶርፍም በሽሌዚያ የተወለደበትን የቤተሰቡን ርስት በዕዳ ያጣ ሰው መሆኑን ሲሰሙ፥ «ቤት» የምትለዋን ቃል እንደ ገና ፈልገው አነበቡ። ከገጠር መጥተው በዘመድ ቤት የሚማሩት ልጆች ስለዚህች ቃል የተናገሩትን እዚህ አልደግመውም፤ የራሳቸው ነውና።

«ጊዜ የለም፤ ፈተናው የሚጠይቀው መልእክቱን ነው» የሚል ይኖራል። ሁለቱ ግጥሞች ተደምረው 20 ስንኝ ናቸው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃቸዋል። ማስረጃ መፈለግ የለመደ ተማሪም መልእክት ሲጠየቅ አያፍርም። በፈተና ቀን የሚጨነቀው የተገለበጠውን ዐረፍተ ነገር የረሳው ነው።

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ፥ ወደ ክፍል ስንገባ ሁለት ግጥም ይዘን እንግባ፤ የሚታየውን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ክፍሉ ዝም ሲልም ጠመኔውን ለማንሣት አንቸኩል። እኔ የቸኰልሁ ቀን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ግጥም ሳያነብ ወደ ቤቱ ሄዷል።