የምንወዳቸው አደገኛ መኪናዎች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ጥቂት ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ከቦይለር ምርመራ በቀር የምናገረው የለኝም ብዬ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ግን በመስኮቱ አሻግሮ ከግቢው ጥግ የቆመችውን ቮልስዋገኔን በአገጩ እያመለከተ፣ «ለምን ስለዚህች አትነግረንም? መሐንዲስ ሆነህ እንዴት በእርሷ እንደምትሄድ ሁላችንም እንገረማለን» አለኝ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው መልስ የሚሻ ጥያቄ ነውና እነሆ ልመልስ ተነሥቻለሁ።

እስካሁን ሦስት መኪናዎች ነበሩኝ፤ አንዲት ፊያት 600 እና ሁለት ቮልስዋገኖች። ሦስቱም በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ ይበልጡኛል። ሦስቱም ሞተራቸው በስተኋላ ነው። በደኅንነት ረገድ የሦስቱም ስም በክፉ ይነሣል። ሦስቱንም ወድጃቸዋለሁ፤ የመጨረሻዋን አሁንም እወዳታለሁ።

ፊያቷን፣ በአዲስ አበባ አነጋገር ሴይቼንቶዋን፣ ዕድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ታክሲ ሆና ስትሠራ ታስታውሷታላችሁ። የጥንቶቹ በሮች ማጠፊያቸው በስተኋላ፣ መክፈቻቸው በስተፊት ነበር። እንዲህ ያለው በር ቀሚስ ለለበሱ እመቤት ለመግባትና ለመውጣት እጅግ ይመቻል፤ መኪናው እየሄደ ሳለ ከተከፈተ ግን ነፋሱ ይዞት ይሄዳል፤ መያዣውን የጨበጠውንም እጅ አብሮ ይጎትታል። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ማጠፊያውን ወደ ፊት አዞረው። የእኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ነበረች፤ የበሯም መቆለፊያ ከዕድሜ ብዛት ላልቶ ስለ ነበር ተሳፋሪዬ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ልቡን ይዞ ይሄድ ነበር። ስምንት ወር ነድቼ ሸጥኋት።

ቮልስ ግን ሌላ ነገር ነች። የመጀመሪያዋን የገዛሁት በ2004 ዓ.ም.፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሞተሯ 1200፣ ኤሌክትሪኳ ባለ ስድስት ቮልት ነበር፤ መብራቷ ሾፌሩ መንገዱን እንዲያይ ሳይሆን ሌላው ሰው የእርሷን መምጣት እንዲያውቅ ብቻ የተሠራ ይመስል ነበር። ሁለተኛዋ፣ ዛሬም ያለችኝ፣ የ1967 ሥሪት 1300 ናት። መጽሐፏ አርባ የፈረስ ጉልበት እንዳላት ይናገራል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስለሚሳሳ፣ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን ለከፍታው እንገብራለን። በሠላሳ ፈረስ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሰው የመንገዱን ዛፎች ቁጥር ያውቃል።

የቮልስ ባለቤት የሆነ ሁሉ የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ። መስኮቷ በጥቂቱ ካልተከፈተ በሯ አልዘጋ ይላል። የመስታወቷን ማጠቢያ ውኃ የሚገፋው የትርፍ ጎማዋ ነፋስ ነው፤ ቫልቩ ያረጀ እንደ ሆነ፣ በጭቃማ መንገድ መስታወቱን ሲያጥብ የዋለ ሰው ጎማ የፈነዳበት ዕለት ትርፉን ተንፍሶ ያገኘዋል። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ቆጣቢ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የእኔዋን ባትሪ ክዳን ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት አውጥቶት ኖሯል። ሰውነታቸው ደልደል ያለ አጎቴ ከሠርግ ስንመለስ ከኋላ ተቀምጠው ሳለ «የተቃጠለ ፀጉር ይሸተኛል» ሲሉኝ የጨዋታ መስሎኝ ሣቅሁ። ለካስ በእርሳቸው ክብደት የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ራሶች ነክቶ ነበር። አጎቴን በደኅና አወረድናቸው፤ መቀመጫውንም መንገድ ላይ አውጥተን በጠላ ጀሪካን አጠፋነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በባትሪው ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይቀመጣል።

የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ በስተፊት፣ ከሾፌሩና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ጉልበት አጠገብ ነው። የመሪዋ ዘንግ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ እንዲሆን የተደረገው ከ1968 ሥሪት ጀምሮ ነው፤ የእኔዋ፣ እንደ ነገርኋችሁ፣ የ1967 ናት።

ዋናው ጉዳይ ግን ያለው ከኋላ ነው። ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ የሚታጠፈው በካምቢዮው በኩል ብቻ ነው፤ በጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል እንደ በር ሳንቃ በአንድ ማጠፊያ ላይ ይዞራል። ዘንጉ ሲወርድ የጎማው ግርጌ ወደ ውስጥ ይገባል። ኩርባ ላይ ሾፌሩ በድንገት ነዳጁን ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ የኋላው አካል ብድግ ይላል፤ የውጪው ጎማ ከሥሩ ይታጠፋል፤ መሬት የሚጨብጠው ገጽ ይቀንሳል። ከመኪናዋ ክብደት ስድሳ በመቶ ያህሉን የተሸከመው የኋላ ክፍልም ከፊቱ ለመቅደም ይነሣል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች ከ1969 ሥሪት ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ ዘንግ አግኝተዋል። ተራዋ ቮልስ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪያበቃ ድረስ፣ ከጥንቱ ዘንጓ አልተለየችም።

አምራቹ ለዚህ ጠባይ ያዘዘው መድኃኒት ርካሽ ነው፤ የፊት ጎማዎች ነፋስ ከኋላዎቹ እንዲያንስ ማድረግ። ለእኔዋ ፊቱ 17 ገደማ፣ ኋላው 25 ገደማ ነው፤ በጎሚስታ ቤት መለኪያ ፓውንድ ማለቴ ነው። ለስለስ ያለው የፊት ጎማ ኩርባ ላይ ቀድሞ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩም መሪው እንቢ ሲለው ይሰማውና ይጠነቀቃል። መኪናዋ ከመክዳቷ በፊት እንድትናገር ተደርጋለች ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ሳለሁ አውቀው ነበር። ፈተናም ላይ መጥቶልኝ በደንብ መልሼዋለሁ።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ነበረን። ሁለተኛዋን ቮልስ ከገዛሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። በዋዜማው ማታ ጎማ ለማስነፋት ከአንድ ጎሚስታ ዘንድ ቆምሁ። ልጁ ቱቦውን ይዞ «ሠላሳ ሠላሳ ልሙላው?» ሲለኝ፣ እኔ በስልክ ከዘመዶች ጋር ስለ ጉዞው እየተነጋገርሁ ስለ ነበር፣ አንገቴን ነቀነቅሁለት። የመኪና ጠባይ ሲመረመር ከማንም በፊት መናገር የሚገባው ሰው በዚያች ደቂቃ አንገቱን ነቅንቆ ዝም አለ።

በማግስቱ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ተነሣን። ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉሙ ከመንገዱ ጋር ተጣብቋል፤ አስፋልቱ እርጥብ ነው። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ከአንዱ ኩርባ ላይ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ደነገጥሁና እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሣሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ተራራው፣ የጭነት መኪናው፣ ሰማዩና ገደሉ በመስታወቱ ፊት በተራ አለፉ። ስንቆም የመኪናዋ ጅራት በተራራው በኩል ባለው ቦይ ውስጥ ነው፤ ፊቷ ወደ መጣንበት ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። የዞረችው በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ተናጋሪ በፈለጋችሁ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለረጅም ጊዜ ወደ ፊት ስትመለከት ቆይታ፣ «ምነው ልጄ፣ ለቅሶውን ተውነው እንዴ?» አለችኝ።

የጭነት መኪናው ሾፌርና ረዳቱ ወርደው አብረውኝ አንሥተው አወጧት። ከዚያም የፊት ጎማዎቹን ቫልቭ በእስክሪብቶ ጫፍ እየተጫንሁ፣ መለኪያ ስላልነበረኝ ፉጨቱን በጆሮዬ እየገመትሁ አስተነፈስሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት እንደ በግ ወረደችው።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄድሁ። ቁጣዬን በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «ወንድሜ፣ አራቱ እኩል ካልሆነ መኪና ይንጋደዳል እኮ። ደግሞስ ጠይቄህ እሺ አላልከኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለብዙ ሌሎች መኪናዎች ልጁ ያለው ትክክል ነው። ቮልስ የተለየች መሆኗን ያወቀው መጽሐፏ ነው፤ መጽሐፏ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር ሃምሳ ዓመት አልተጓዘም፤ እኔም ቢሆን ያገኘሁት ከሌላ ባለ ቮልስ ተውሼ በፎቶ ኮፒ ነው።

ይህ የጎሚስታ ቤት ክርክር ከእኛ በፊት በአሜሪካ በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቧል። ሼቭሮሌ ኮርቬር የተባለችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ሥሪት ስትወጣ እንደ ቮልስ ሞተሯ በስተኋላ፣ በአየር የሚበርድ፣ የኋላ ዘንጓም በአንድ ጫፍ ብቻ የሚታጠፍ ነበር። ለፊት ጎማዎቿ 15፣ ለኋላዎቹ 26 ፓውንድ ታዝዞላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ስለ መኪና ደኅንነት ባወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእርሷ ሰጠ። ኩባንያው በኔደር ላይ መርማሪዎች አሠማርቶ የግል ሕይወቱን ሲያስፈትሽ ተገኘና፣ ፕሬዚዳንቱ ጄምስ ሮሽ በመጋቢት ወር 1966 በሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት መስከረም የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ተፈረመ። ኮርቬር በበኩሏ በ1964 ሥሪት ከፊት የማረጋጊያ ዘንግ፣ በ1965 ደግሞ ፈጽሞ አዲስ የኋላ ክፍል አገኘች፤ በ1969 ምርቷ ቆመ። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1972 ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት ኮርቬሮች ከዘመን ጓዶቻቸው ይበልጥ ከቁጥጥር የሚወጡ አይደሉም አለ። በዚያው ዓመት ኔደር ካቋቋማቸው ተቋማት አንዱ ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ የዚህኛው ተከሳሽ ቮልስዋገን ነበረች።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ስንገናኝ ያንን የ1972 ምርመራ እንደ ነጻ መውጫ ፍርድ እናነሣዋለን። እኔም ከጣርማ በር በፊት አነሣው ነበር። አሁን ግን ነገሩን የማየው ከጎሚስታው ወንበር ሆኜ ነው። ኮርቬር ከጓዶቿ አትብስ ይሆናል፤ ሆኖም የአንድ ቤተሰብ ሕይወት በሁለት የነፋስ ቁጥሮች ልዩነት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያንንም ልዩነት የሚያዛባው ማንም ሳይነግረው የሚሠራ፣ እንደ ልማዱ በቅን ልቡና የሚሞላ ሰው ከሆነ፣ ጥፋቱ ከንድፍ ጠረጴዛው ይጀምራል ባይ ነኝ። «ተጠቃሚው መመሪያውን ያንብብ» የምትለውን ዐረፍተ ነገር እኛም በየሥራችን እንጽፋታለን። እኔ ራሴ በቦይለር የሴፍቲ ቫልቭ ሥር ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኋት አላውቅም።

ስለ ፍቅሩም እውነቱን ልናገር። ቮልስን የምንወዳት ጠባይዋን ስለ ተማርን ነው፤ ድምፅዋን እንሰማለን፣ ኩርባ ሳንደርስ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ነዳጁን በኩርባ ላይ አንለቅም። ይህ እውቀት ያኮራል። ነገር ግን ትዝታ የሚያወራው ከመኪናው በእግሩ የወጣ ሰው ብቻ መሆኑን አልዘነጋም። ባለቤቴ ልጃችን በቮልሷ እንዳትሳፈር ከወሰነች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔም ስለ ዘንግና ስለ ነፋስ ይህን ሁሉ እያወቅሁ አልተከራከርኋትም፤ ልጄ አጥሩ ሥር ቆማ እጇን ታውለበልብልኛለች።

በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚያቃጥሉ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቮልስን በኤሌክትሪክ ስለ ማስኬድ የሚጠይቁኝ ወጣት ባልደረቦች በርክተዋል። አንዱ ያሳየኝ ንድፍ ባትሪውን በሙሉ ከኋላ መቀመጫው በስተጀርባ ይጭናል። የነበረው ሞተር 110 ኪሎ ገደማ ነው፤ በእርሱ ፈንታ የሚገባው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስሌቱ፣ የሽቦው አሠራር፣ የማቀዝቀዣው ነገር ሁሉ ያማረ ነው፤ ስለ ኋላው ዘንግ ግን አንድም መስመር የለበትም። ከባትሪው ገሚሱን ቤንዚኑ ከነበረበት ከፊት እንዲያደርገው፣ አራቱንም ጎማ ለየብቻ በሚዛን እንዲያስመዝን፣ ዘንጉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚገታ ሞላ ከሥሩ እንዲያስገባ መከርሁት። ነፋሱንስ ምን ያህል ላድርገው ቢለኝ፣ ከሚዛኑ በኋላ አብረን እንወስን፤ ከወሰንን በኋላ ግን በወረቀት አትጻፈው አልሁት።

የእኔዋ ላይ ከየጎማው በላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ከፊት 17፣ ከኋላ 25። አንድ የትራፊክ ፖሊስ የምን ቁጥር እንደ ሆነ አስቁሞ ጠይቆኛል። ጎሚስታዎች ግን አይጠይቁኝም፤ አንብበው ይሞላሉ። እናቴ ዛሬም ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ከእኔ ጋር መሄድ ትወዳለች። በሩን ከመክፈቷ በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራ ቁጥሮቹን ታያለች፤ ከዚያም «ለካኸው?» ትለኛለች። መለኪያውን ከኪሴ አውጥቼ አሳያታለሁ።